ከጉድጓዱ የወጣው የመስታወት ጥለት

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፣ ለአቶ አምኃ ሾዴ። ጨንቻ።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ ተሻለው ወይስ አሁንም ጎንበስ ቀና ሲሉ ያስቸግርዎታል? ዓይንዎስ? ሱራፌል የላከልዎትን መነጽር ያደርጉታል ወይስ እንደ ልማድዎ ኪስዎ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚያየው? የጨንቻ ክረምት ዘንድሮ እንዴት ያዛችሁ? ያ ወፍራሙ ቡልኮ ከትከሻዎ አይውረድ። አጎቴ ሻንካስ እንዴት ናቸው? እንሰቱ ደረሰ? የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ለበሰ ወይስ አሁንም ዝናብ ሲመጣ አግዳሚ ወንበር ተሸክማችሁ ጥግ ትፈልጋላችሁ? ይህን ሁሉ የምጠይቅዎ ለወጉ ያህል አይደለም፤ የአጎቴ ልጅ ራኬብ ቁጭ ብላ ለእያንዳንዱ መልስ ትጻፍልኝ።

እኛ በጌታ ቸርነት ሁላችንም ጤና ነን። የጎደለን የእርስዎ ሳል ነው። ድሮ ግቢው ሁሉ በእርስዎ የማለዳ ሳል ነበር የሚነቃው፤ አሁን በሱራፌል ስልክ ጩኸት ይነቃል፤ እሱ ራሱ ግን አይነቃም። እማዬ የሽሮ ሜዳውን ሱቋን እንደያዘች ናት። የታተመ ጥለት የሚሸጡ ሰዎች በቀኝና በግራዋ ቢሞሉም፣ ደንበኛ ሲመጣ ጨርቁን ገልብጣ ጀርባውን እያሳየች መከራከሯን አልተወችም።

ደብዳቤ መጻፌ ቢገርምዎ አልፈርድብዎትም። በስልክ ላነጋግርዎ ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ገና «ጉድጓዱ» ከማለቴ «ኔትወርክ የለም» ብለው ዘጉብኝ። አባባ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ «ኔትወርክ የለም» ማለትዎም አይሰማኝም ነበር። ወረቀት ግን መሃል ላይ አይዘጋም። ራኬብ፣ አንቺም አንድ መስመር ሳታስቀሪ እስከ መጨረሻው አንብቢላቸው።

ለሱራፌል የነገሩት መልእክት ደርሶኛል። «እህትህ ጉድጓዴ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች አሉ። መስቀል ሳይደርስ አፈር ሙላበትና ድፈነው» ማለትዎን ቃል በቃል ነገረኝ። ወሬውን ያደረሱልዎ በሐምሌ ወደ አገር የወረዱት ሸማኞች እንደሆኑ ገምቻለሁ። አልተቀየምኳቸውም፤ የነገሩዎት እውነት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እግርዎን ሰድደው በተቀመጡበት ጉድጓድ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ወደ አገር ሲገቡ «ለሱራፌል ነው» ብለው በቆለፉት የሽመና ቤት፣ ከጥር ጀምሮ ተቀምጬ እየሸመንኩ ነው። በእኛ ዘንድ ሴት እንደምትፈትል፣ ወንድ እንደሚሸምን፣ ሴት ጉድጓድ ከገባች ደግሞ ቤቱ በረከት እንደሚያጣ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ያም ሆኖ የምጽፍልዎ እንደ ጥፋተኛ አንገቴን ደፍቼ አይደለም፤ ደስታ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ነገሩን ከሥሩ ላጫውትዎና ስለ ጉድጓዱ ያለኝን መልስ ከዚያ በኋላ እነግርዎታለሁ።

የምሠራበትን ቦታ እርስዎ «ያ የፕላስቲክ ፋብሪካ» ነው የሚሉት። ፕላስቲክ አይደለም፣ ፋብሪካም አይባልም። ሸጎሌ ከከብት ገበያው ጀርባ ያለች አንድ አዳራሽና ሁለት ክፍል ናት፤ አለቃዬ ኢንጂነር ሲላስ ፋይበር ግላስ ይሠራባታል። መስታወት ቀልጦ እንደ ጸጉር ቀጥኖ ሲሳብ ክር ይሆናል፤ ክሩ ይሸመንና ጨርቅ ይሆናል፤ ጨርቁ ሬዚን የሚሉትን ፈሳሽ ሙጫ ጠጥቶ ሲደርቅ እንደ ብረት ይጠነክራል፣ ሲያነሱት ግን ይቀልላል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ዋናው ሥራችን ለሰው ሠራሽ እግር ማቀፊያ መሥራት ነው። ማቀፊያ የምንለው እግሩ የተቆረጠ ሰው የተረፈውን እግሩን የሚያስገባበትን የላይኛውን ክፍል ነው። የሰውየው ክብደት ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ የተቀጠርኩት ጨርቅ ለመቁረጥ ነበር።

ያስቸገረን የማቀፊያው አፍ ነበር። አፉ እንዳይሰነጠቅ ጨርቁን በመቀስ በቀጭኑ እየቆረጥን እንጠመጥምበታለን። የተቆረጠ ጨርቅ ጠርዙ ምን እንደሚሆን ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ይተረተራል፣ ክሩ ይሸሻል፣ ሙጫው እዚያ ጋ ይሳሳል፣ በወሩ ይሰነጠቃል። አዲሱ ገበያ የሚኒባስ ተራ የሚያስከብር ታረቀኝ የሚባል ሰው አለ፤ እግሩን በመኪና አደጋ ያጣ። እሱ ሦስት ጊዜ ተሰንጥቆበት መጣ። በሦስተኛው ማቀፊያውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «እህቴ፣ እኔ ያዘዝኩት እግር ነው፤ እናንተ የምትሰጡኝ ብርጭቆ ነው» አለኝ። አብሬው ሳቅኩ። የሱሪውን እግር ሰብስቦ የተሰነጠቀው ጠርዝ የላጠውን ቆዳ ሲያሳየኝ ግን ሳቁ ጠፋብኝ፤ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በውጭ አገር ለዚሁ ሥራ ተብሎ ጠርዙ ተዘግቶ የሚሸመን ቀጭን የፋይበር ጥብጣብ አለ። ኢንጂነር ሲላስ አዝዞ ስምንት ወር ጠበቀ፣ አልመጣም። አንድ ቀን ፎቶውን በስልኩ ሲያሳየን «ይኼማ ጥለት ነው!» ብዬ ጮህኩ። እውነቴን ነው አባባ፤ ሁለት ጣት ስፋት፣ ማጉ ጠርዝ ደርሶ ታጥፎ የሚመለስ፣ ቀለም ብቻ የሌለው ጥለት። ኢንጂነሩ እየሳቀ «እንግዲያው ሽመኚው» አለኝ። ቀልዱን ነበር። የሸማኔ ልጅ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቀልድ አይቀለድም።

በመጀመሪያ የሞከርነው አንድ የጥብጣብ ፋብሪካ በጣላት አሮጌ ማሽን ነበር። ድሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ዓይኖች ሽቦ ናቸው፤ መስታወቱን እየላጉ ግማሽ ክንድ ሳይሸመን በጣጠሱት። ያኔ ነው የእርስዎ ዕቃ ትዝ ያለኝ። የእርስዎ ዓይኖች በእጅዎ የቋጠሯቸው ክር ናቸው፤ ክር ደግሞ ክርን እንደ ሽቦ አይጨክንበትም። የሽመና ቤቱ ቁልፍ እማዬ ጋ ነበር። አደራዎን በልታለች ብለው እንዳይቆጧት፤ አልሰጠችኝም። «ቁልፉ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፤ እኔ ግን ምንም አላየሁም» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝና መዝሙር ጀመረች።

ገብቼ ስቀመጥ መርገጫው ሩቅ ሆነብኝ፤ የእርስዎ እግር ረጅም ነው። ገመዱን በአንድ ስንዝር አሳጠርኩት። ፈርቼ ነበር፤ ምን እንደፈራሁ ግን ዛሬም አላውቅም። በሦስተኛው ቀን የመምቻው ድምፅ ጎረቤታችንን ሸማኔውን ጋሽ ኪሩን ከቤታቸው አወጣቸው። «አምኃ መጣ እንዴ?» እያሉ እየሮጡ መጥተው እኔን ሲያዩ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። «አንቺ ልጅ፣ ነይ ውጪ! አባትሽ በሕይወት እያለ ቤቱን ልትዘጊ ነው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ቤቱማ ተዘግቶ ነበር፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ስንት ሳምንት ሰላምታዬን ሳይመልሱ ከረሙ። የልብ ወዳጅዎ መሆናቸውን ያየሁት ያኔ ነው፤ ኩርፊያቸው ራሱ የእርስዎ ነው።

አሁን ደግሞ የሠራሁትን ጅልነት ልንገርዎ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ድሩን ከመዘርጋቴ በፊት ሙቅ ሠራሁ። በልጅነቴ እርስዎ ድር ሲዘረጉ ዱቄቱን በጥብጬ፣ አፍልቼ፣ ክሩን የምቀባው እኔ አልነበርኩም? ጥጥ ሙቅ ካልጠጣ ይሻክራል፣ ይበጠሳል፤ ይህን በእኛ ሰፈር ሕፃን ያውቀዋል። ስለዚህ መስታወቱንም አንድ ድስት ሙሉ ሙቅ አጠጣሁት። አባባ፣ እንዴት እንዳማረ ቢያዩት! አንድ ክር ሳይበጠስ ስድስት ክንድ ሸመንኩ። እንደ አራስ ልጅ በነጠላ ጠቅልዬ ሸጎሌ ወሰድኩት። ማቀፊያው አፍ ላይ ጠመጠምነው፣ ሬዚኑን አፈሰስንበት፣ ደረቀ። የተሠራውን ሁሉ የምትፈትነው ሉብና የምትባል ጓደኛዬ ጫፉን በጥፍሯ ያዝ አድርጋ ብትስበው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጦ መጣ። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና «ሳምሪ፣ ይኼ ነገር ለምንድነው ገንፎ ገንፎ የሚለው?» አለችኝ።

ሙቅ ቀብቼው ነው ስላቸው አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ለካስ የመስታወቱ ክር ሙጫውን መጠጣት አለበት፤ እኔ ደግሞ አስቀድሜ ዱቄት አጥግቤዋለሁ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የተባለው ለእኔ ነው። ያልሳቀው ኢንጂነር ሲላስ ብቻ ነበር። «እስከ ፋሲካ መፍትሔ ካልተገኘ ማቀፊያ መሥራቱን እናቆማለን። ሰው እያቆሰልኩ መቀጠል አልችልም» አለ። ማቀፊያው ከቆመ ታረቀኝም ሌሎቹም ወደ ምርኩዛቸው መመለሳቸው ነው። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ማንንም አላየሁም።

ሙቁን ተውኩት። ያለ ሙቅ ደግሞ ክሩ ጸጉር እያወጣ ይበጠስ ጀመር። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጌም ክንዴን ያሳክከኝ ነበር፤ ልብሴን ለብቻው በሳፋ የምታጥበው እማዬ «ሰው ኩታ ሸምኖ ይመጣል፣ የኔዋ ልጅ እከክ ሸምና መጣች» ትለኝ ነበር። በጸሎት ጉባኤ ላይ እንኳ «ስለ ልጄ ክር» ብላ አስጸልያለች። ምን ዓይነት ክር እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገረችም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተበጠሰውን ስቀጥል፣ የቀጠልኩት ሲበጠስ፣ መምቻውን ለቅቄ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ጋሽ ኪሩ ደጁ ላይ ቆመው ኖሯል። ወደ ውስጥ አልገቡም። ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው፣ ለአጥሩ የሚናገሩ ይመስል፣ «አባትሽ ሐር ሲሸምን በእግሩ አይረግጥም ነበር» አሉ። ታዲያ ምን ያደርግ ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። «በአውራ ጣቱ ነበር የሚነካው። ድሩን ለቀቅ ያደርገዋል፣ አከፋፈቱን ጠበብ ያደርገዋል። መወርወሪያውን አይወረውርም፤ ያሳልፈዋል። በቀን አንድ ክንድ! እኛ እንስቅበት ነበር» አሉና ሄዱ።

ጫማዬንም ካልሲዬንም አወለቅኩ። መርገጫውን በአውራ ጣቴ ብቻ ነካሁት። ድሩ ሁለት ጣት ያህል ተከፈተ፣ መወርወሪያውን በእጄ አሳለፍኩት፣ መምቻውን ገፋ ብቻ አደረግኩት። አልተበጠሰም። ደገምኩት፣ አልተበጠሰም። ያን ቀን አንድ ስንዝር ሸመንኩ፤ በሳምንቱ በቀን ግማሽ ክንድ ደረስኩ፤ ሚያዝያ ሲገባ በቀን ሁለት ክንድ እሸምን ነበር። አባባ፣ ያን ሐር ሲሸምኑ እኔ ገና ልጅ ነበርኩና አላስታውስም። እግሬ ግን የእርስዎን እግር አገኘው። በዚያች ሰዓት እንዴት እንደናፈቁኝ በቃል አይነገርም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ «አባባ» ብዬ ጮክ ብዬ ጠራሁዎት። እማዬ የመጡ መስሏት ከጓዳ ወጣች።

አዲሱ ሬዚን ጠጥቶ ሲደርቅ ሉብና በጥፍሯ ሳበችው፤ እምቢ አላት። በቢላ ጫፍ ሞከረችው፤ እምቢ አላት። ከዚያ ማቀፊያውን ክብደት መጫኛው መሣሪያ ሥር አስገባችና የአንድ ሰው ክብደት፣ የሁለት ሰው፣ የሦስት ሰው እያለች ጫነችበት። ድንገት ቋ! ሲል ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ማቀፊያው እንዳለ ነው፤ የተጣመመው ከሥሩ የነበረው የብረት ብሎን ነው። ይሄኔ ኢንጂነር ሲላስ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ እልል አለ! ወንድ ልጅ ሲያቀልጠው ሰምቼ አላውቅም ነበር። በሬ ሊሸጡ የመጡ ሰዎች ሠርግ መስሏቸው በመስኮት አንገታቸውን አስገቡ። ፋሲካ ሊሆን አምስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ታረቀኝ አዲሱን እግር በግንቦት አደረገ። ክረምቱን ሙሉ አዲሱ ገበያ ጭቃ ውስጥ ሲንጎራደድበት ከረመ። ባለፈው ሳምንት ማንም ሳይጠይቀው ከአዲሱ ገበያ በእግሩ ተነስቶ እስከ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በር ድረስ ያን ሁሉ ዳገት ወጣ። እኔና ሉብና ከኋላው ብንከተለው እኛ ነን ያለከለክነው። በሩ ላይ ሲደርስ ሱሪውን ሰበሰበና አሳየን፤ አንድ ጭረት የለውም፣ ቆዳውም ደህና ነው። ሲገባና ሲወጣ የነበረውን ሰው ሁሉ እያስቆመ «በቃ፣ እቺ ልጅ እግሬን ሸመነችልኝ! የሽሮ ሜዳ ልጅ ናት፣ የአምኃ ልጅ!» ይል ነበር። ስምዎን የት እንደሰማ አላውቅም፤ እኔ ሳላወራ አልቀረሁም።

ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩ ሁለት ማዕከላት ጥለቱን አይተው ለአዲሱ ዓመት በሙሉ አዝዘውናል። ሥራው አንድ ሰው የሚወጣው አይደለም። ኢንጂነር ሲላስም «ማሽኑ ይቆይ፤ ጣት ያላቸው ሰዎች አምጪልኝ» አለኝ። እርስዎ «ሽመና ሞቷል» ብለው ትተውት ከሄዱት ሰፈር ሦስት ሸማኞች ለመሥራት ተነሥተዋል። ጋሽ ኪሩ ግን ሁሉም በተሰበሰበበት «አምኃ ሳያውቅ እኔ መወርወሪያ አላነሣም» ብለው ቁጭ አሉ። ሌሎቹም የእሳቸውን አፍ እያዩ ተቀመጡ። ልነግርዎ ስደውል ኔትወርክ የጠፋብዎ ለዚህ ጉዳይ ነበር። ከዚያ «ድፈነው» የሚለው ቃልዎ መጣ።

እንግዲህ መልሴ ይኼ ነው። አልደፈንኩትም፣ አልደፍነውምም። ሳላስፈቅድዎ በመግባቴ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። በመሸመኔ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ሱራፌል የስልክ ጥገናውን ይወዳል፣ ጎበዝም ነው፤ የማይወደውን ጉድጓድ እየጠበቁለት ወንድሜን አያሳቅቁት። ሃያ ስድስት ዓመት ወራሽ ሲፈልጉ ኖረዋል። ወራሽማ ነበረዎት፤ አጠገብዎ ቆማ ድርዎን ሙቅ ትቀባልዎ ነበር።

ቃልዎን ለጋሽ ኪሩ ነገርኳቸው። በማግስቱ ማለዳ ዶማና አካፋ ይዘው መጡ። ሊደፍኑት ነው ብዬ በሩ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። እጄን ቀስ አድርገው አወረዱና ገቡ፤ እኔ እዚያ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። ከጉድጓዱ ጎን ሁለት ክንድ ለኩ፣ በኖራ አሰመሩ፣ ኮታቸውን አውልቀው ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። «ጋሼ፣ ይኼ ደግሞ የማነው?» አልኳቸው። ቀና ሳይሉ «የአምኃ ነዋ። የድሮው እንደሆነ ባለቤት አግኝቷል» አሉኝ።

አባባ፣ አዲሱ ጉድጓድዎ አልቋል። ጋሽ ኪሩ የእርስዎን የእግር ልክ ከእርስዎ በላይ ያውቁታል፤ መርገጫው በልክዎ ነው። ከእኔ ጉድጓድ ጋር ጎን ለጎን ስለሆነ መወርወሪያ መቀባበል ይቻላል። ለመስቀል እዚያው ከወገን ጋር ይዋሉ፤ በማግስቱ መኪና ይያዙና ይምጡ። ሐሩን እንዴት ያሳልፉት እንደነበር ለአጥሩ ሲነገር ከመስማት ይልቅ ከእርስዎ ማየት እፈልጋለሁ።

ለአጎቴ ሻንካ ትከሻቸውን ስሜ ሰላም ብያለሁ በሉልኝ። ለአክስቴ ማሚቴ፣ የላከችልን ቆጮ ሲበላ ስሟ ሳይነሣ እንደማይውል ንገሯት። ለራኬብ፣ ለፈተናዋ እየጸለይኩላት ነው፤ ይህን ሁሉ ጮክ ብላ ስላነበበች ደግሞ ለጉሮሮዋ ማር ይሰጣት። ለፓስተሩና ለመዘምራኑ የጌታ ሰላም ይብዛላቸው። እማዬ «ቁልፉን አላየሁም በይልኝ» ብላለች። ሱራፌል ጉንጭዎን ይስማል፤ አፈር ሙላ ስላሉት አካፋ የለኝም ይላል፤ ውሸቱን ነው፣ ጋሽ ኪሩ የቆፈሩት በእሱ አካፋ ነው። ጋሽ ኪሩ ሰላምታ አልላኩም። «መጥቶ ይቀበል» አሉ።

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ
ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጅዎ
ሸማኔ ሳምራዊት አምኃ